ፈድሊያ በአደራ ያቆየችው ብልቃጥ

ስለ ፈድሊያ ክፉ የሚያወራ ሰው ከእኔ ከንግስት ጋር ይጣላል። እዚሁ ከተማችን በቾ ቦሬ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት፤ በሆስፒታላችን ላብራቶሪ አሥራ ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ሥራዋ ከሕመምተኛ የተወሰደ ሥጋን በሰም አርግታ በስሱ መቁረጥ ነው። ስትቆርጥ ትንፋሿን ትይዛለች። ስናሾፍባት፣ "እናንተማ የሰው ገላ መሆኑን ረስታችሁታል" ትለናለች።

አብራር የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ምህንድስና ይማር ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ክፉ ዕጢ ተገኘበት። ሐኪሙ የቻለውን ቆርጦ አወጣና በብልቃጥ ላከልን። አባቱ አባባ አሊ ከገጠር፣ ከሰቃ መጥተው በራችን ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ የሰው አካል ይቀበራል እንጂ አይጣልም። ከምርመራው የተረፈውን እንዳለ መልሺልኝ" አሏት ፈድሊያን።

"እሺ አባባ፣ ወላሂ!"

ቃሏን ጠበቀች። ለምርመራ ትንሽ ቆነጠረች፤ ያቺም ቁንጣሪ በምርመራው አለቀች። የቀረውን በሰም ማርጋት ሲገባት ሳትነካው፣ ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚያደርገው ፎርማሊን ውስጥ አስቀመጠችው። አባባ አሊ ልጃቸውን ሲያስታምሙ ሁለት ወር አለፈ። እሷም በየሳምንቱ ፈሳሹን እየቀየረች ትጠብቃቸው ነበር። እኔም አይቻለሁ፤ ምናለ ያኔ አፌን ብከፍት!

በጥር ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። እንዲህ ያለ ዕጢ በያዛቸው ወጣቶች ላይ አልፎ አልፎ የሚገኝ የዘረመል ለውጥ አለ፤ እሱ ከሆነ የሚዋጥ መድኃኒት አለው። ውጭ አገር ያለ ላብራቶሪ ሊመረምርልን ተስማምቷል። ፈድሊያ እልል ማለት ነው የቀራት፤ ከብልቃጡ ቆንጥራ ላከች።

መልሱ በወሩ መጣ። ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ ብዙ ስለቆየ ዘረመሉ ተበጣጥሷል፤ ሊነበብ አልቻለም። በጊዜው በሰም ረግቶ ቢሆን ኖሮ ይነበብ ነበር። አብራር ደግሞ እንደገና ለመቀደድ አቅም አልነበረውም።

"እትዬ ንግስት፣ እኔ ነኝ የገደልኩት" አለችኝ።

"ዝም በይ! መድኃኒቱ ያድነው እንደነበር በምን አወቅሽ?" ብዬ ጮህኩባት። በምንም አላወቀችም፤ ከእንግዲህም አታውቅም። ይህ አለማወቅ ነው የሚያንገበግባት።

አብራር በመጋቢት ሞተ። በሦስተኛው ቀን አባባ አሊ መጡ። ብልቃጡን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

"አባባ፣ እኔ ባላቆየው ኖሮ..." ብላ ጀመረች።

አላስጨረሷትም። እጇን ያዙና፣ "አንቺ ባታቆይልኝ ልጄ ጎዶሎ ሆኖ ይቀር ነበር። እንዳንቺ ያለ አማና፣ አደራ ጠባቂ አላየሁም። አላህ ይስጥሽ" አሏት።

"አሚን" አለች። ሌላ ምን ትበል?