የረጋው ዘይት

ምን አቀበጠኝ? ሮቤ አስተምራለሁ፤ ትርፍ ጊዜዬን ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቢላዋ እየሠራሁ አሳልፋለሁ። አርፌ እንደ መቀመጥ፣ የሚስቴን አባት ካራ «እኔ እሠራልዎታለሁ» ብዬ ተቀበልኩ። ካራው ከአባታቸው የቀራቸው ብቸኛ ነገር ነው። ጎባ ላይ የሰፈሩን የፋሲካ ቅርጫ የሚመድቡት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ቢላዋ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። እሱ ለሁለት ሲሰበር ቤቱ ለቅሶ የተቀመጠ መሰለ።

ረጅሙን ስባሪ አግዬ፣ ቀጥቅጬ ቅርጽ ሰጠሁት። እንዲህ የተደረገ ብረት ግን ይለሰልሳል፤ እንደገና ግሎ ድንገት ካልቀዘቀዘ ሥጋ ቀርቶ ቅቤም አይቆርጥ። ውኃ ውስጥ መንከሩን ፈራሁ፤ በቅርቡ የራሴን ቢላዋ ውኃ ውስጥ ስከተው «ጥክ» ብሎ ተሰንጥቆብኛል። ይኼኛው ቢሰነጠቅ ምትክ የለውም። ስለዚህ በዘይት ይሁን አልኩ። መንከሪያውስ ከየት ይምጣ? ወፍራም የውኃ ቧንቧ አስቆርጬ ታቹን በላሜራ አስበየድኩና እሳቸው ግቢ ወስጄ አሸዋ በሞላ ባልዲ ውስጥ አቆምኩት። ሱቅ የተገኘውን ዘይት፣ ያንን የሚረጋውን፣ ከማታው ሞላሁበት።

ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ካራው ፍም መሰለ። በጉጠት አንስቼ ወደ ቧንቧው ዞር ስል፣ ወይ ጉድ! ዘይቱ ነጭ ሆኖ ጥጥር ብሏል። አይ የኔ ነገር! ስንት ዓመት ባሌ ኖሬ ብርዱን እንደ እንግዳ ረሳሁት!

ካራውን ከእሳቱ ዳር አስቀመጥኩና ፍሙን የምቆሰቁስበትን የጋለ የፌሮ ብረት ቧንቧው ውስጥ ሰደድኩት። ጭሱ ግቢውን ሞላው። ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «አካም ቡልተን! እንዴት አደራችሁ! ምነው በጠዋቱ፣ ምን እየጠበሳችሁ ነው?» አሉ።

«ካራ!» አልኳቸው በንዴት።

ፌሮውን እያጋልኩ ደጋግሜ ስከተው ዘይቱ ቀልጦ ሞቅ አለ። ካራውን እንደገና አግዬ ቀጥ አድርጌ አወረድኩት። ጭስ ተነነ፣ ነበልባል ብልጭ አለ። ጆሮዬን ጥዬ ያቺን ድምፅ ጠበቅኩ። አልመጣችም። ሲቀዘቅዝ ጠራርጌ ገለባበጥኩት፤ ስንጥቅ የለም። ሞረድ ባስኬድበት ሞረዱ ተንሸራተተ፤ ጠንክሯል ማለት ነው። እፎይ! መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

አባባም በረጅሙ ተነፈሱ። «ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት» አሉኝ።

«ይሰበራል ብለው?»

«ቢሰበር ምን እንደምልህ ሳወጣ ሳወርድ። ‹ግድ የለም ልጄ፣ ብረት ነው› ልልህ ነበር።»

ካራውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እንኳን ሳልለው ቀረሁ» አሉ። «አልችለውም ነበር።»