ታጅማህ እና ጥቁር ሰማያዊው ክር

ታጅማህን ያወቅኳት ካሻን ከተማ አጠገብ ወዳለው መንደራቸው ተድሬ በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ነው። ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ስለሆነ፣ ስጋጃ ስትሠራ ክሩን የምታጠብቅበት የመምቻዋ ድምፅ ድው ድው ሲል ቀኑን ሙሉ እሰማ ነበር። መጻፍ ብዙም አልችልበትም። የሷን ነገር ሳልጽፈው ብቀር ግን ይቆጨኛል።

ታጅማህ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ስጋጃ ስትሠራ ስልሳ አለፋት። ጀርባዋ ጎብጧል፤ ጣቶቿ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይሏታል። ይኼን ሁሉ ስጋጃ ሠርታ አንዱም ቤቷ አልቀረም፤ ሁሉም ተሸጠ። እሷ የምትቀመጠው የፋብሪካ ምንጣፍ ላይ ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ አንድ ለራሷ ጀመረች። "ይኼ የመጨረሻዬ ነው፤ እያንዳንዱ ቋጠሮ የኔ እጅ ይሁን" ትል ነበር።

መደቡ ቀይ ነው። መሐሉ ላይ ያለው ትልቅ አበባ ጥቁር ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩ ብቻ ጥቁር። ወረቀት ላይ አልተሳለም፤ ከናቷ ያየችው ስለሆነ በቃሏ ነው የምታውቀው።

አንድ ጠዋት የባሏ እህት ኑስራት ሻይ ይዛ ገባችና ስጋጃው ፊት ቆመች።

"እትዬ፣ ይሄ አበባ ማን ሞቶበት ነው?"

"ደግሞ ምን አገኘሽ?"

"ጥቁር በጥቁር ለብሷላ!"

ታጅማህ ሻዩን የምትጠጣበትን ስኳር በጥርሷ እንደያዘች ሳቀች። ኑስራት ግን አልሳቀችም። ታጅማህ ተነስታ ሁለቱን የክር ድውር ይዛ በሩ ጋ ፀሐይ ላይ ወጣች። አገላበጠቻቸው። ለሷ ሁለቱም አንድ ናቸው።

"ሰማያዊው የቱ ነው?"

"በግራ እጅሽ ያለው።"

"ስንት ረድፍ ተበላሸ?"

"አሥራ አንድ። ተይው እትዬ፣ ማን ያየዋል?"

"አንቺ አየሽው አይደል?"

መፍታቱ አራት ቀን ፈጀ። ከዚያ ሐኪም ጋ ሄደች፤ እሱም ዓይንሽ ከዚህ አይሻልም አላት። ኑስራት ክር ላቀብልሽ ብትላት ሁለት ቀን ሞከሩና ተጣሉ። ታጅማህ "እንደ ሕፃን አታጉርሺኝ!" ብላ ከመቀመጫው ወረደች። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ድው ድው የለም። እኔም ከግድግዳው ወዲህ ሥራ አልያዝ አለኝ።

በስምንተኛው ቀን ኑስራትን ጠራቻት።

"ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ።"

"እኔ? የኔ ቋጠሮ እኮ የፍየል በጠጥ ነው!"

"አውቃለሁ። ጣቴ ያያል፤ ካላማረኝ አስፈታሻለሁ።"

ድሮ ብዙ ሰው አንድ ስጋጃ ላይ ሲቀመጥ አንዷ ቀለሙን ጮክ ብላ ትጠራለች፤ የሚሠሩት ይቀበሏታል። ታጅማህም ግድግዳውን ተደገፈች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

"ሁለት ሰማያዊ፣ አንድ ጥቁር፣ ሦስት ቀይ።"

"ሦስት ቀይ፣ አሰርኩ!"

"ቀስ በይ፣ አውቶቡስ አላመለጠሽም።"

ስጋጃው እስካሁን አላለቀም። ታጅማህ የሠራችው የታችኛው ልስልስ ያለ ነው፤ የኑስራት የላይኛው ይጎረብጣል። ታጅማህ ማታ ሥራ ሲቆም መዳፏን ታሳልፍበትና ልስላሴው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ታቆማለች። "እዚህ ጋ ነው የደከምኩት" ትላለች።

ወደዚህ ከመጣችሁ እባካችሁ ጎራ በሉና ጠይቋት። ምንም አትያዙ። ብቻ በሩ ላይ ስማችሁን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ዓይኗ ብሶባታል፣ አሁን መልክም አትለይም።