ለፈረሱ የሰፋሁት አጎበር

አባቴ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻውን ተጭኖ ከለቅሶው ፊት እንዲቆም። ሌላው ሁሉ ለእሱ ትርፍ ነው። ጣሪያው ቢያፈስ፣ ሰሊጡ በአረም ቢዋጥ፣ እናቴ በአንድ ቀሚስ ሦስት ዓመት ብትከርም ግድ አይሰጠውም። ፈረሱ ግን ቆሞ መገኘት አለበት። ያደግሁት አንቱ እያልኩት ነው፤ ዛሬም ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን ንዴቴ አንተ ያሰኘኛልና ይቅር በሉኝ።

አባቴ ወደ ቆላ የወረደው ከጭልጋ ደጋ ነው። እነሱ አገር አንድ ወንድ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ የሟች ጋቢ ከላዩ ጣል ተደርጎበት በለቅሶተኛው መሃል ይዞራል። ሰው ፈረሱን እያየ ነው የሚያለቅስ። ፈረስ የሌለው፣ በአባቴ አነጋገር፣ «እንደ ጠፋ ጥጃ» ይቀበራል። ኮኪት አጠገብ መሬት አግኝቶ ሲሰፍር የደጋውን ነገር ሁሉ ጥሏል። አለባበሱን ጥሏል፣ ምግቡን ጥሏል፣ ንግግሩ እንኳ ከሱዳን ድንበር ነጋዴዎች ጋር ሲውል ግማሹ አረብኛ ሆኗል። ይህን አንዱን ግን ጥርሱን ነክሶ ያዘው።

ቆላ ደግሞ ፈረስ አይወድም። ገንዲ አለ፤ ዝንብ ነክሶ የሚያመጣው በሽታ። ከብቱንም ይጎዳል፣ ፈረስ ላይ ግን ይጨክናል። መጀመሪያ ያመጣት ባዝራ አንድ ክረምት እንኳ አልጨረሰችም፤ እየበላች ከሳች፣ እየበላች ከሳች፣ አንድ ቀን ጠዋት ጋጣው ውስጥ ወድቃ አገኘናት። ሁለተኛው ጉራች ነበር። እሱ እስከ መስቀል ቆየ። ኮኪት ላይ ሱቅ ያላቸው፣ ከአባቴ ጋር እንደ ወንድም የሚተያዩት ሐጂ ይህን ሲሰሙ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው» አሉት፣ «ይህ የአህያ አገር ነው። አህያ ግዛ። ውሃ ታመጣልሃለች፣ እንጨት ታመጣልሃለች። ብትሞት አታለቅስልህም፤ ግን ፈረሱም አያለቅስልህም።» አባቴ አኩርፎ አንድ ወር ሙሉ ከሐጂ ሱቅ ስኳር አልገዛም። ሻዩን ያለ ስኳር የጠጣነው እኛ ነን።

ሦስተኛው ይኸው እስካሁን ያለው ዳማ ነው። በእሱ ጊዜ አባቴ ብልሃት አገኘ። ሰኔ ሲገባ፣ ዝንቡ ሳይፈላ፣ ፈረሱን እየሳበ ወደ ደጋ ይወጣና አጎቴ ዘንድ ያቆመዋል። ኅዳር ላይ መልሶ ያወርደዋል። ብልሃት ነው፣ አልክድም። ግን ሰኔ ምን ጊዜ ነው? የዘር ጊዜ ነው! ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም፤ ዝናቡ አፈሩን ካራሰው በኋላ የዘገየ ሰው የሚያጭደው አረም ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ለትራክተር ተራ ሲጋፋ የኛ አባወራ ልጓም ይዞ በጎንደር መንገድ ላይ ሽቅብ ይሄዳል። ሦስት ቀን ለመውጣት፣ ከዘመድ ጋር ለመጫወት ደግሞ የፈለገውን ያህል። እኔና እናቴ እንዘራለን፣ እናቴና እኔ እናርማለን። ክረምቱን ሙሉ ፈረሱን የሚጋልበው አጎቴ ነው፤ ያውም የጠበቅሁበት እያለ ሰሊጥ ይቀበላል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኼ ነው።

በጋ ሲመጣ ደግሞ ገብስ። ቆላ ገብስ አይበቅልም፤ ፈረሱን ደግሞ፣ አባቴ እንደሚለው፣ ማሽላ አይስማማውም። ስለዚህ ገብሱ በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ከደጋ ወደ ሸሕዲ ይወርዳል፤ ከዚያ እየተቀባበለ እኛ ቤት ይደርሳል። እኛ ማሽላ እንበላለን፣ ፈረሱ ገብስ ይበላል። አንድ ቀን እናቴ ከጆንያው ሁለት እፍኝ ዘግና ቆሎ ስትቆላ ደረስኩባት። ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ «ዝም በይ፣ ዛሬ እኔም ፈረስ ነኝ» አለችኝ። እስኪያመን ድረስ ሳቅን።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሜዳው ነው። ወንዝ ዳር ያለችው፣ ከመሬታችን ሁሉ ምርጧ ጥቁር አፈር፣ የፈረሱ ሣር ተብላ ታጥራ ትኖራለች። ማረሻ አይነካትም። እናቴ ሰሊጥ ልዝራባት እንኳ አላለችም፤ ከጥጓ ላይ ለወይካ የምትሆን ቁራሽ ብቻ ነበር የለመነችው። ወይካ፣ ሌላው ባሚያ የሚለው፣ ነፍሷ ነው። ደረቁን ከመተማ ዮሐንስ ገበያ ገዝታ በመጣች ቁጥር «መሬት እያለኝ ወይካ ግዢ!» እያለች ትበግናለች። አባቴ «ዛሬ ጥጓን፣ ነገ መሃሏን» ብሎ ከለከላት። እሷም ዝም አላለችም።

«ይሁና! ግን ስማኝ፣ አንተ ሰው» አለችው። «ካንተ በፊት ከሞትኩ ያን ፈረስህን ለቅሶዬ ላይ እንዳላየው!»

«ሞተሽ በምን ዓይንሽ ልታዪው?» አላት።

«አየዋለሁ!» አለች፤ ድስቷን ማማሰሏን ቀጠለች።

እኔ ያን ጊዜ ከባሌ ተፋትቼ ወላጆቼ ቤት ከገባሁ ቆይቻለሁ። ከትዳሬ ያተረፍኳት አንዲት የስፌት መኪና ናት። የሰፈሩን ጆንያና የሠራተኞቹን ሱሪ እየጠጋገንኩ እኖራለሁ። ያቺ መኪና ባትኖረኝ ኖሮ እላለሁ አንዳንድ ጊዜ። ግን ነበረችኝ።

አምና ክረምት ሲገባ መንገዱ በተኩስ ምክንያት አስተማማኝ አልነበረም። ወደ ላይ የተነሣው ሰው ግማሹ ከመንገድ ይመለሳል፣ የግማሹ ወሬው ይጠፋል። ፈረስ እየሳቡ ሦስት ቀን በእግር መሄድ ሞትን ፍለጋ መውጣት ነው። አባቴ ግን በየጠዋቱ ልጓሙን ከግድግዳው እያወረደ ያሻሸዋል፣ ወደ መንገዱ ያያል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። እናቴ ይህን እያየች እንቅልፍ አጣች። በዚህ መሃል አንድ ቀን አልጋቸው ላይ የተሰቀለውን አጎበር ሲዳብስ ቆየና «ይኼ መድኃኒት አለው አይደል?» አለ። «ትንኝ የገደለ ዝንብ አይገድልም?»

ገባኝ። ጋጣውን በአጎበር ሊጠቀልለው ነው። ለቤታችን የታደለን ሁለት አጎበር ነው፤ አንዱ የእነሱ፣ አንዱ የእኔ። «አባዬ፣ ምነው? ምን ነካዎት?» አልኩት። «ወባው ባናታችን ላይ እየዞረ፣ ለፈረስ ብለው እኛን ያጋልጡናል?»

የመለሰችልኝ እናቴ ናት። «ተዪው። ወባ እኔን ታውቀኛለች፣ ሰላም ብላኝ ነው የምታልፍ። ፈረሱን ግን አታውቀውም» ብላ ሳቀች። ጓዳ ስንገባ ግን እጄን ያዘችኝ። «ካልሰጠነው ይዞት ይወጣል» አለችኝ በሹክሹክታ። «እሱን መንገድ ከሚበላብኝ እኔን ትንኝ ትብላኝ። ስፊለት።»

ሰፋሁ። ሁለቱን አጎበር ቀድጄ፣ አጋጥሜ፣ ጠርዙን አጥፌ፣ በሩ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ መጋረጃ አድርጌ ሰፋሁት። እጄ ጥሩ ነው፤ አንድ ዝንብ የሚያሾልክ ቀዳዳ አልተውኩም። አባቴ ዙሪያውን እየዞረ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ። ፈረሱ እንደ ሙሽራ ነጭ ለብሶ ቆመ፣ እኛ ራቁት አልጋ ላይ ተኛን። ከሳምንታት በኋላ የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ አጎበሩ የታለ ብትል እናቴ ዓይኗን ሳታሽ «ታጥቦ ውጪ ገመድ ላይ ተሰጥቷል ልጄ» አለቻት። ገመዱ ላይ የነበረው የእኔ ቀሚስ ብቻ ነው። ልጅቷም ፈርማ ሄደች። እኔም እስከ አጥሩ ሸኘኋት።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ እናቴን አተኮሳት። መጀመሪያ ወባዋ፣ እንደ ቀለደችው፣ ሰላም ብላት የምታልፍ መስሎን ነበር። በሦስተኛው ቀን መቀባዠር ስትጀምር መንገዱ ጭቃ ሆኗል፤ የቆላን ክረምት ጥቁር ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ባጃጅ ቀርቶ ትራክተርም ይውጣል። አባቴ የሰፋሁትን መጋረጃ ገልጦ ፈረሱን አወጣ፣ ጫነው፣ እሷን በጋቢው ጠቅልሎ ኮርቻው ላይ አወጣት። እኔ ከጎን ደገፍኳት። ፈረሱ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ እየገባ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደናቀፈም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። አደረሳት። ኮኪት ጤና ጣቢያ የሚቻላቸውን ሁሉ አደረጉ፤ ግን ዘግይተን ነበር፣ በማግስቱ አረፈች።

የለቅሶው ቀን ሰው ሁሉ መጣ። ሐጂ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ስኳርና ሻይ ቅጠል አሸክመው መጥተው ከወንዶቹ ጋር ተቀመጡ። እኔ ከሴቶቹ መሃል ነበርኩ። ድንገት ሰው ሁሉ ወደ ጋጣው ዞረ፤ ቀና ስል አባቴ ፈረሱን እየሳበ ይመጣል። ኮርቻውን፣ ግላሱን፣ ያን ሁሉ ዓመት ለራሱ ሲወለውል የኖረውን ጌጥ ሁሉ ጭኖታል። ኮርቻው ላይ የእናቴ ነጠላ ነበር።

እዬዬው የዚያን ጊዜ ነው የተነሣ። እንዲህ ያለ ለቅሶ እኔ አይቼ አላውቅም። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ደረቷን እየደቃች «ታድላ! በፈረስ የተለቀሰላት!» ትላለች። ታድላ! ደሜ ፈላ። ተነሥቼ ሮጥኩ፣ ልጓሙን ያዝኩት።

«አባዬ፣ እንዳላየው ብላዎት ነበር እኮ! እንዳላየው ብላለች!»

ሰው ሁሉ ያየናል። አባቴ እኔን አላየኝም፤ ነጠላዋን ነው የሚያየው። «ሌላ ምን አለኝ፣ ልጄ?» አለኝ። «ሌላ ምን አለኝ የምሰጣት?»

ለቀቅኩት። ሦስት ጊዜ አዞረው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እናቴ የጠላችው ፈረስ ለቅሶዋን ወረሰው። አባቴን ረገምኩት በሆዴ። ቀጥዬ ራሴን ረገምኩ፤ መርፌው በማን እጅ ነበርና?

ፈረሱ አልሞተም። ይኼም ያንገበግበኛል። ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ በአጎበሩ ውስጥ ቆሞ፣ ወፍሮ፣ ቆዳው እያብለጨለጨ ከረመ። ሰሊጡን በሠራተኛ አሳጨድኩት። ተዝካሯን አወጣን።

ዘንድሮ ሰኔ ትራክተሩ ሲመጣ አባቴ አልጋው ላይ ነበር፤ ኩላሊቱ አላስነሣ ብሎታል። ሹፌሩ እንደ ወትሮው የወንዝ ዳሯን ሜዳ ዘሎ ሊሄድ ሲል አባቴ ከውስጥ ተጣራ። «እሷንም እረሳት» አለ። ሹፌሩ እኔን አየኝ፣ እኔ የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ። ታረሰች። ከጥግ እስከ ጥግ ወይካ ዘራሁባት። አንድ ቁራሽ ለለመነች ሴት ሜዳውን በሙሉ፣ ከሞተች በኋላ። ወይካው ሲበቅል ሄጄ አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ በንዴት።

ዝንቡ መፍላት ሲጀምር ደግሞ ጠራኝ። «ጋጣው ላይ ያለውን አጎበር ፍቺው።»

«ፈረሱስ?» አልኩት። ሣር የለው፣ መንገድ የለው፣ አጎበሩን ከፈታሁበት ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ፣ እሱ ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል።

«ፍቺው» አለኝ። «እኔ ስሞትም ኮርቻውን እንዳታወጪ። ፈረሱ የእሷ ሆኗል። እኔ ዝም ብዬ ልቀበር።»

ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት አንዲት ነገር ናት፤ እሷን ነው የተወው። ያሳዝነኛል ብዬ ጠበቅኩ። ግን የመጣልኝ ንዴት ነው። አባዬ፣ ይህን አንዲት ክረምት አስቀድመው ቢሉት ምን ነበር? በሆዴ ይህን እያልኩ ምላጭ ፍለጋ ወጣሁ።

ያን ሁሉ ጥብቅ ስፌት በምላጭ እየተረተርኩ ለመፍታት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብኩት። በፀሐይ አድርቄ፣ የተቀደደውን መልሼ ጠግኜ፣ አባቴ አልጋ ላይ ሰቀልኩለት። ጠርዙን ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ስወትፍለት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። አሁንም የፈረስ ሽታ አለው። በተከፈተው በር ፈረሱ ይታያል፤ ጭራውን ግራና ቀኝ እየወነጨፈ ዝንቡን ያባርራል።