አዞ ገበያ የወሰድኩት ነጠላ

ባለፈው ጥር አንዲት ሙሽራ ሸማ ተራ ወዳለችው ሱቄ ገብታ ጋቢ ስታማርጥ፣ ከባሏ ጋር ለጫጉላ አርባ ምንጭ እንደሚሄዱ ነገረችኝ። ልጅቷን አውቃታለሁ፤ አባቷ ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ በርሜል ምድጃ የሚሠራ ሰው ነው። ጋቢውን እያጠፍኩላት ሳለ፣ "እትዬ፣ እዚያ አዞ ገበያ የሚባል ገበያ አለ አሉኝ። ምን ብገዛ ይሻላል?" አለችኝ።

እጄ ጋቢው ላይ ቀረ። ሳቄ መጣ። ሳቁ ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ፤ እሱን ምን ብዬ እንደምጠራው እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔም በእሷ ዕድሜ ወደዚያው ገበያ ሄጄ ነበር፤ ያውም ይህቺን ያህል እንኳ ሳልጠይቅ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንድ የጎጃም በረንዳ ቅቤ ነጋዴ ለልጁ ሊያጨኝ ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴ መልስ የሚሰጥበት ቀን ተቆርጧል። በልጁ ላይ ክፉ ነገር አላየሁበትም፤ ቅቤ ቅቤ ከመሽተቱ በቀር። ግን እኔ የምፈልገው ባል ሳይሆን ይህችን ሱቅ ነበር። ሸማ በእጄ ዳስሼ ጥበቡን ከነሸማኔው መለየት የምችል ልጅ ጓዳ ልትገባ ነው ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ጢሙን ሲያሻሽ ቆየና፣ "አንድ እስር ነጠላ እሰጥሻለሁ። ደስ ወዳለሽ ገበያ ወስደሽ ሽጪ። ከሸጥሽ ሱቁ ውስጥ ትቀመጫለሽ፤ ካልሸጥሽ ሽማግሌዎቹን እሺ እላለሁ" አለኝ።

የት ልሂድ? በዚያው ሰሞን ነጠላ የሚያመጣልን የጋሞው ሸማኔ ጋሽ አንጁሎ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ስለ አገሩ ሲያወራ፣ "አዞ ገበያን ብታዪ!" አለኝ። "ጠዋት ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ጠጠር መጣያ የለውም። የሚቀር የለም።"

ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገኛል? አዞ የሚለውን እንደ ስም ብቻ ቆጠርኩት። ጎጃም በረንዳ ውስጥ መቼ ጎጃም አለ! አዞ ገበያ እሄዳለሁ ስለው አባቴ ትኩር ብሎ አየኝ። የሆነ ነገር ሊናገር አፉን ከፈት አደረገና ተወው።

"ሂጂና እይው" አለኝ።

ጥቅምት ነበር። አውቶቡሱ ሻሸመኔን አልፎ ወላይታ አሳደረን፤ በማግሥቱ ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ በመስኮት ገባና ሹራቤን አስወለቀኝ። መንገድ ዳር ሙዝ በየዘለላው ተደርድሯል። ሙዝ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ መርካቶ የሚደርሰው መንገድ ላይ ተስፋ ቆርጦ ነው።

አርባ ምንጭ ስገባ አንዲት የሙዝ ነጋዴ እስሬን ዳሰስ አድርጋ፣ "ነጠላ ነው? እዚህ እኮ በየቤቱ ሸማኔ አለ" ብላ ሳቀችብኝ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። ቢሆንም አዞ ገበያ አለልኝ ብዬ ተጽናናሁ። የት እንደሆነ ስጠይቃት፣ "በጀልባ ነው እንጂ በእግር አይደረስም፤ ጫሞ ሐይቅ ማዶ ያለ ዳርቻ ነው" አለችኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ነጋዴ ያልደረሰበት ገበያ አገኘሁ ብዬ ሌሊቱን በሐሳቤ ስሸጥ አደርኩ።

ጠዋት እስሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ጀልባው ውስጥ ተቀመጥኩ። ባለጀልባው፣ "እህቴ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?" አለኝ።

"ነጠላ።"

"ለምንሽ ነው?"

"ለገበያው ነዋ!"

ስለት ያለብኝ መስሎት ይሁን፣ አእምሮዬን ተጠራጥሮ ይሁን፣ ደግሞ አልጠየቀኝም። አብሮን የመጣው የፓርኩ ጠባቂ ግን ገና ሳንነሳ አስጠነቀቀን። "ቦታው ጥብቅ ነው። ምንም ጥለን አንመጣም፣ ምንም ይዘን አንወጣም።"

"ምንም ካልሰጠን፣ ምንም ካልወሰድን፣ ታዲያ ምን ልንገበያይ ነው?" አልኩት።

"ማየት ነው እንጂ!" አለኝ ቆጣ ብሎ።

ጭራሽ ግራ ገባኝ። እኛ ሰፈር አይቶ ብቻ የሚሄድ ሰው አይወደድም።

ሐይቁ መሀል አንድ ጉማሬ ብቅ ብሎ ተነፈሰና ተመልሶ ሰመጠ። ዳርቻው ጋ ስንደርስ ባለጀልባው ሞተሩን አጠፋ። ሰው የለም፤ ዳስ የለም። አሸዋው ላይ ብዙ ደረቅ ግንድ ተጋድሟል።

"ነጋዴዎቹስ?" አልኩ በሹክሹክታ።

ጠባቂው በአገጩ ወደ ግንዶቹ አመለከተኝ። "እነዚያ አይደሉም?"

አንዱ ግንድ አፉን ከፈተ።

እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አዞው አይደለም፤ ስለ ቅቤ ነጋዴው ልጅ ነው። አለቀልኝ አልኩ። ሳቅሁ፤ እየሳቅሁ እንባዬ መጣ። ጥቂት ቆይቶ ግን ዝምታው ያዘኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ ጆሮዬ የሚያውቀው ተሸካሚ "ዞር በሉ!" ሲል፣ ሻጭ "ነይ ግቢ!" ሲል ነው። እዚያ ግን ሁሉም ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል፤ ማንም ማንንም አይጠራም። ደስ አለኝ ልበል ፈራሁ ልበል? እስሬን እንዳቀፍኩ፣ "ወንድሜ፣ ትንሽ እንቆይ" ብዬ ባለጀልባውን ለመንኩት።

ቤት ስደርስ አባቴ እስሩን እንደታሰረ አየው። ምን ሸጥሽ ይለኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ "ምን አየሽ?" አለኝ። አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ግንዱ አፉን የከፈተው ላይ ስደርስ እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው ሲመጡ፣ "ልጄ ገና ገበያ ላይ ናት" ብሎ መለሳቸው። በማግሥቱ የሱቁን ቁልፍ ሰጠኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም።

ጋሽ አንጁሎን ባገኘሁት ጊዜ፣ "ጉድ ሠሩኝ እኮ!" ብዬ ጮኽኩበት።

"እኔ ምን አደረግሁ?" አለ ተገርሞ። "'እስቲ ልጄን ስለ አዞ ገበያ አጫውትልኝ' ያለኝ አባትሽ አይደለም እንዴ?"

ይኸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳወጣ ሳወርድ እኖራለሁ። ከስሬ እንድመለስና እሺ ብዬ እንድዳር ፈልጎ ነበር? ታዲያ ሽማግሌዎቹን ለምን መለሳቸው? አገር እንዳይ ፈልጎ ነው እንዳልል ነጠላውን ለምን አሸከመኝ? ስንት ጊዜ ልጠይቀው አስቤ ተውኩት። አሁን የሚጠየቅ አባት የለኝም።

ሙሽራዋ አሁንም መልሴን እየጠበቀች ነው። ጋቢውን ጠቅልዬ ሰጠኋት። የኔ ልጅ፣ ገበያ ሳይሆን አዞ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ዓይኗ ጓጉቷል።

"ሂጂና እይው" አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። ተንኮል ይሁን ፍቅር፣ እኔው ራሴ ተናግሬው እንኳ አልለየሁትም።