ጭድ ያለበት ግድግዳ

ልጅ ሳለሁ፣ እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ አሌፍ በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት አሮጌ ፎቅ፣ ብርዱ ሲጠና አያቴ አባ ውባንተ የላምባ ምድጃውን ለኩሰው ተረት ይጀምሩልን ነበር። ያኔ የላምባው ሽታ ከልብሳችን አይለቅም፤ እንደ ፍም የቀላው ብረት የአያቴን ግማሽ ፊት ብቻ ያበራዋል። ጎንደር ሳሉ ግንበኛ ስለነበሩ፣ ቀበሮና አንበሳ እንኳ በእሳቸው ተረት ውስጥ የሚጣሉት በቤት አሠራር ነው።

ከሁሉ የምወደው ግድግዳው በየክረምቱ የሚሰነጠቅበት ባለጸጋ ተረት ነበር። ባለጸጋው ጭቃውን በወተት ቢያስቦካ፣ በማር ቢያስቦካ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያው መሰንጠቅ ነው። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤቱ ባልቴት የጤፍ ጭድ በትና ረገጠችለት፤ ግድግዳውም ለልጅ ልጁ ተረፈ።

«ለምን ቆመ?» እላቸዋለሁ፣ መልሱን እያወቅሁ።

«ጭዱ ጭቃውን እጅ ለእጅ አያይዞት ነዋ፣ ልጄ።»

አድጌ ምሕንድስና ስማር፣ መምህሩ ቀጫጭን የብረት ክሮች ኮንክሪት ውስጥ እየበተነ «ይህ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል» ሲል፣ ከክፍሉ ሁሉ እኔ ብቻ ሳቅሁ።

በዚያን ጊዜ የአያቴ ጉልበት ደክሞ ነበር። ሕንፃችን ደግሞ ማማድ፣ ከሮኬት የሚያስጥል ክፍል፣ አልነበረውም። የማስጠንቀቂያው ጩኸት ሲሰማ ጎረቤት ሁሉ ወደ ምድር ቤቱ መጠለያ ሲሮጥ፣ አያቴ ደረጃው ላይ ይቀመጡና «እናንተ ሂዱ» ይላሉ። እናቴ አባቷን ጥላ አትሄድም፤ አብራቸው ትቀመጣለች። ያ ደረጃ እንቅልፍ ነሣኝ።

የምሠራበት ድርጅት በአሮጌ ሕንፃዎች ጎን ማማድ መትከል ሲጀምር፣ ለእኛም ሕንፃ እንዲስማሙ ጎረቤቶቻችንን በየቤቱ እየዞርሁ ለመንሁ።

«ከፋብሪካ ተጭኖ የመጣ ግድግዳ እንዴት ይታመናል?» አሉኝ ከታች የሚኖሩት እማማ ዘነበች።

የባልቴቷን ተረት ነገርኋቸው፤ ቀጥዬ በኮንክሪቱ ውስጥ ስላለው የብረት ክር። «እንዲህ ከሆነስ ይተከል» አሉ፤ ሌሎቹንም እሳቸው አሳመኑልኝ።

ክሬኑ የመጀመሪያውን ግድግዳ ሲያነሣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አንጋጠጠ። ክፍሉ በክፍል ላይ እየተደረበ አያቴ ፎቅ ሲደርስ፣ እማማ ዘነበች እልልታውን አቀለጡት።

ከዚያ አንድ ረፋድ፣ እኔም እቤት ሳለሁ፣ ጩኸቱ መጣ። አያቴ ከዘራቸውን ይዘው፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ ከሳሎን ወደ ማማዱ ገቡ። እናቴ ተከተለች፤ ከባዱን በር ዘጋሁት። ፍንዳታው ቅርብ ነበር፤ ወለሉ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። ስንወጣ የደረጃው መስኮት ረግፎ፣ አያቴ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ በስብርባሪ ተሸፍኗል። ማማዱን ግን ጭረት እንኳ አልነካውም።

አያቴ ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ግንበኛ ነኝ ስል ኖርሁ፤ ግንበኛስ አንቺ!»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕንፃ አሠርቻለሁ፤ ምስጋናም አልጎደለብኝም። በውስጤ የቀረው ግን የእናቴ ድምፅ ነው። ከጩኸት በኋላ ሁልጊዜ አባቷን ደግፋ ከደረጃው የምታነሣው እናቴ፣ ያን ቀን ስብርባሪውን እየጠረገች ትስቅ ነበር።