ለአባቴ ያልተረጎምኩት

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከጅግጅጋ ሐርተሼክ ጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አንድ ሰሞን እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ሸበጡ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ፣ እሱ ሳያውቅ በባዶ እግሩ ቤት ይገባል። ጨቅጭቄ ሆስፒታል ወሰድኩት። እሱ አማርኛ አይችልም፤ ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣው ወጣት ሐኪም ደግሞ ሶማሊኛ አይሰማም። አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ፤ አስራ ሁለተኛን የጨረስኩ፣ አፌ የማያርፍ።

"አባባ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። ጥጡ ሲነካቸው አዎ ይበሉ" አለኝ ሐኪሙ፣ ቁራጭ ጥጥ ይዞ።

ቁርጭምጭሚቱን ነካው። እኔ ቶሎ ብዬ "ተሰማህ?" አልኩት።

"ሃ" አለ አባቴ፤ አዎ ማለቱ ነው።

"አሁንስ?"

"ሃ!"

አንድም አልሳተም። ደስ አለኝ። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝና "አንቺ፣ እየነገርሻቸው እኮ ነው! ዝም በይ" አለ።

ዝም አልኩ። ጥጡ ከጣቱ ተነስቶ እስከ ጉልበቱ ወጣ። ከዚያ በመርፌ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አደረገው። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል።

"አቦ፣ መቼ ነው የሚጀምረው?" አለኝ። "አቦ" አባት ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ አባት ልጁንም እንዲሁ ብሎ ይጠራል።

በእግርህ እጄን ግፋ ተባለ። ፊቱ እስኪቀላ ታገለ፤ የሐኪሙ እጅ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ ሲመታው እግሩ ተፈናጥሮ ሐኪሙን ሊረግጠው ምንም አልቀረው። አባቴ በሳቅ ፈነዳ።

"ይሄ ነው የታመመ እግር? ግመል እንኳ እንዲህ አይራገጥም! ንገሪው!"

ነገርኩት። አልሳቀም።

"ይሄ ጥንካሬ አይደለም። ጀርባቸው ላይ ነርቩን የተጫነ ነገር ያለ ይመስለኛል። በዚህ ሳምንት አዲስ አበባ ካልሄዱ መራመድ ሊያቆሙ ይችላሉ። መንዳት ከዛሬ ጀምሮ የለም። በደንብ ንገሪያቸው።"

"ምን አለ?" አለ አባቴ፣ ሳቁ ገና ከፊቱ ሳይጠፋ።

"ትንሽ እረፍት ያስፈልገዋል አለ። ሲመችህ አዲስ አበባ ትታያለህ።"

ያን ሳቅ መቁረጥ አቃተኝ። ሌላ ሰበብ የለኝም። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግስቱ መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ እስኪመለስ እህል አልቀመስኩም። ሲመለስ ደግሞ ደህና መጣ ብዬ ዝም። በሦስተኛው ሳምንት ከአልጋ ሲወርድ ሁለቱም እግሮቹ ከዱት። አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና የሠሩለት ሐኪሞች "ምነው እንዲህ ዘገያችሁ?" አሉን። ከዚያ ወዲህ በእግሩ አልቆመም።

ጠያቂ በመጣ ቁጥር አባቴ "ያ የጅግጅጋው ሐኪም ሲነካካኝ ቆይቶ አንድ ነገር ሳይነግረኝ ሰደደኝ" ይላል። እንግዶቹ ይረግሙታል። ባለፈው አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ ዞረው "አንቺ አብረሽው ነበርሽ አይደል? እውነት ምንም አላለም?" ብለው ጠየቁኝ።

አባቴም አየኝ።

"ምንም አላለም" አልኩ።