የመከታ ካልሲ

ገመዱ ላይ ያሰጣሽው ካልሲ ውሃው ጠብ ጠብ ሲል ሰምቼ ወጣሁ። ቡችላሽ ሲያኝከው የሚውለውን ቋጠሮ ይዤ አሸተትኩት። እርጥብ ሱፍ፣ ሳሙናና ውሻ። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ይህ ሽታ ግን አልለቀቀኝም።

ትናንት የአክስቴ ልጅ ሊጠይቀን መጥቶ የእጁን ጠባሳ ሲያሳይሽ ለምን ተነስቼ እንደወጣሁ ጠይቀሽኝ ነበር። «በልጅነቴ ጅብ ነክሶኝ ነው» አለሽ፤ አንቺም ጉድ አልሽ። የልጄ ልጅ ነሽና ለአንቺ እነግርሻለሁ። ጅብ አልነበረም።

ያኔ ለትምህርት ከገጠር ሐይቅ ዳር ወዳለችው ከተማ መጥቼ ባህል አዳራሹ አካባቢ አክስቴ ቤት እኖር ነበር። ለትምህርት ይባል እንጂ የቤቱ ልብስ አጣቢ ነበርኩ። አክስቴ መሃል ከተማ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። ሜትሯ ትክክል ነበር፤ ያንን አልክዳትም። ግቢው ውስጥ መከታ የሚባል ቡናማ ውሻ ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ይውላል። «ከልጅ ጋር የተጫወተ ውሻ ሌባ አይነክስም» ስለምትል ማንም አይጠጋውም። ጨዋታው ቆርቆሮው ላይ በሚያርፉት አባ ኮዳ በሚባሉት ትልልቅ ወፎች ላይ መጮህ ብቻ ነበር።

ከእሱ ጋር መጫወት ያስተማረኝ የግቢው ዘበኛ ነው። አክስቴ ሱቅ ስትሄድ የግቢውን በር ይዘጋና ሰንሰለቱን ፈቶ «ነይ» ይለኛል። የአክስቴን ልጅ አንድ እግር ካልሲ ወስጄ ጨርቅ ጠቀጠቅሁበትና ጫፉን ቋጠርኩት። ካልሲው ሳምንት ሙሉ ተፈለገ። እኔም አብሬ ፈለግሁ።

«ጨርቁን ይልመድ እንጂ እጅሽን አይልመድ» ይለኝ ነበር ዘበኛው። «ጥርሱ ከነካሽ ጨዋታውን ተዪና ዝም ብለሽ ቁሚ። አትሩጪ፣ አትጩሂ። ሲበላና ሲተኛ ደግሞ አትጠጊው።»

መከታ አንዱን ጫፍ ነክሶ ወደ ኋላ ቁጭ ይላል፤ ጅራቱ አቧራውን እየጠረገ ይጎትተኛል። መጀመሪያ ሲያጉረመርም ፈራሁ። «ሳቁ ነው፤ ጅራቱን እዪ» አለኝ ዘበኛው። በጣም ሲግል «በቃ» እለዋለሁ። ይለቃል፤ እኔም ወዲያው መልሼ እሰጠዋለሁ። «ለቆልሽ ካልመለስሽለት፣ ነገ አያምንሽም» ይል ነበር ዘበኛው።

የአክስቴ ልጅ አንድ ቀን ስንጫወት አየን። ጨዋታው አማረው፤ ሥርዓቱ ግን አላማረውም። በማግስቱ መከታ ታስሮ አጥንቱን ሲግጥ እንጨት ይዞ መጣ።

«ተወው፤ እየበላ ነው» አልኩት።

«የማን ውሻ መሰለሽ? የኛ ነው! አንቺም ብትሆኚ የምትበይው የኛን ነው።»

አጥንቱን በእንጨቱ ገፋው፤ ወደ ራሱ ሳበው፤ ደግሞ ገፋው። በመጨረሻ በእጁ ሊያነሳው ጎንበስ አለ።

አክስቴ ተጠርታ ከሱቅ ስትመጣ እጁ በነጠላ ተጠቅልሎ ነበር። «እሷ ናት! በጨዋታ ያባለገችው እሷ ናት!» አላት። ዘበኛው በሩ ጋ ቆሞ ሁሉን አይቷል። እንጀራው ነበርና መሬት መሬት አየ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ ነው...» ብዬ ጀመርኩ።

«ዝም በይ! ዛሬ ከዚህ ግቢ አንዳችሁ ትወጣላችሁ። ወይ ውሻው፣ ወይ አንቺ ወደ አባትሽ!»

ወደ አባቴ ማለት ትምህርቱ አበቃ ማለት ነበር።

ጋሪ ነጂ ተጠራ። አንገቱ ላይ ገመድ አስሮ ሲስበው መከታ ገመዱን በጥርሱ ያዘና ወደ ኋላ ቁጭ አለ። ጅራቱ አቧራውን መጥረግ ጀመረ። ጨዋታ መስሎታል። ሰውየው አለንጋውን ሲያነሳ አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺን ይሰማል አይደል? ንገሪው!»

«በቃ» አልኩት።

ወዲያው ለቀቀ። አንስተው ጋሪው ላይ ሲጭኑትም አልታገለም። ጆሮውን ቀስሮ እጄን ያይ ነበር። ጋሪው ወደ ሐይቁ መንገድ እስኪታጠፍ ድረስ እጄን አየ። የት እንዳደረሱት አልጠየቅሁም።

እኔ ተማርኩ። አክስቴንም በወጉ ቀበርኳት። ልጇ ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ ሰው ያስታርቃል። ትናንት አንቺ የሻይ ብርጭቆውን ይዘሽ ስትገቢ፣ በረንዳው ላይ የሚበላውን ቡችላሽን ሊዳብስ እጁን ሰደደ። «እየበላ ነው» አልኩት። እጁን ሰበሰበ፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ጅብ የነከሰው ሰው በቡችላ ሳህን እንዲያ አይደነግጥም።

ካልሲው ውሃው ተንጠፍጥፏል፤ እንኪ። ቋጠሮውን ለቡችላሽ ስጪው፤ አንቺ ረጅሙን ጫፍ ያዢ። «በቃ» ስትዪው ደግሞ፣ ከለቀቀልሽ አታስጠብቂው። መልሺለት።